የትኛው ማግኔት ለየትኛው ሥራ? ከመግዛታችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ማግኔት ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ብልጭ የሚለውን ብርማ ማግኔት አንስቶ ያሳየዋል። ከብረት ጋር ጥብቅ ሲል ደስ ይለዋል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማግኔቱ ወይ ዝጓል፣ ወይ ሙቀት ገድሎታል፣ ወይ ተሰባብሯል።

እኔ የምመክረው ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ማግኔቱ ስንት ኪሎ እንደሚስብ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የሚውልበት ቦታ በምን ሊያጠፋው እንደሚችል እዩ። ሙቀት አለ? ውኃ አለ? በማግኔቱና በብረቱ መካከል ክፍተት አለ? እያንዳንዱ ዓይነት ማግኔት የራሱ ጠላት አለው። ጠላቱን ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላል። ብዙ ጊዜም ርካሹ ይበቃችኋል።

ጉልበትና ጽናት ይለያያሉ

ብረት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አተም ትንሽ ማግኔት ነው። አተሞቹ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ተራ ሚስማር ውስጥ ግን አንዱ ቡድን ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ስለሚያይ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል። ለዚህ ነው ሚስማር በራሱ ሌላ ሚስማር የማይስበው። ማግኔት ሲጠጋው ቡድኖቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ሚስማሩም ለጊዜው ማግኔት ይሆናል። ማግኔቱ ሲርቅ አብዛኞቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ቋሚ ማግኔት የምንለው ሰልፉ እንዳይፈርስ ተደርጎ የተሠራውን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛው ጉልበት ነው፤ ማግኔቱ በዙሪያው የሚፈጥረው መስክ፣ ማለትም የሚስብበት ክልል፣ ምን ያህል ብርቱ ነው? ሁለተኛው ጽናት ነው፤ ሌላ ማግኔት ወይም ሙቀት ሲመጣበት ሰልፉን ምን ያህል ይጠብቃል? ጉልበት ኖሮት ጽናት የሌለው ማግኔት አለ። ጽናት ኖሮት ጉልበቱ መካከለኛ የሆነም አለ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል።

ሌላው መሠረት አጭር ነው። ማንኛውም ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ዋልታ አለው። ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፣ የተለያዩ ይሳሳባሉ። ማግኔቱን ለሁለት ብትሰብሩት እያንዳንዱ ስባሪ የራሱ ሁለት ዋልታ ይኖረዋል። በማግኔት አጥብቀው የሚሳቡት ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት፣ እንዲሁም ከእነሱ የተሠሩ ብዙ ቅይጦች ናቸው። አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ በእጅ በሚሰማ ደረጃ አይሳቡም። የማይዝግ ብረት፣ ማለትም ስቴንለስ፣ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። 304 የሚባለው ብዙውን ጊዜ አይሳብም፣ 430 የሚባለው ይሳባል። ስለዚህ ማግኔት ያልያዘው ስቴንለስ ሁሉ ጥሩ ነው፣ የያዘው ሁሉ ደግሞ ተራ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

ጥቁሩ ወይስ ብርማው?

ለአብዛኛው ሰው ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላቆያችሁ።

ጥቁሩ ፌራይት ይባላል። ከብረት ኦክሳይድና ከስትሮንሺየም ወይም ከባሪየም ተጋግሮ የሚሠራ፣ በጠባዩ ከሸክላ የሚመደብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ነው ለገበያ የበቃው። ስፒከር ጀርባ ላይ ያለው ትልቅ ጥቁር ቀለበት እሱ ነው። ጉልበቱ መካከለኛ ነው፤ በውስጡ የሚቀረው መስክ ወደ 0.4 ቴስላ (የመስክ ብርታት መለኪያ ነው) አካባቢ ይደርሳል። ጽናቱ ግን ጥሩ ነው። ቀድሞውንም ኦክሳይድ ስለሆነ አይዝግም። እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ይሠራል። ሲሞቅ ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሳል። ጠላቱ መውደቅ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ከጣላችሁት ይሰነጠቃል። ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል።

ብርማው ኒዮዲሚየም ነው። የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ቅይጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረሱበት። በውስጡ የሚቀረው መስክ ከ1 እስከ 1.4 ቴስላ ነው። በተመሳሳይ መጠን ሲታይ በውስጡ የሚያከማቸው መግነጢሳዊ ኃይል ከፌራይት ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል። የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው፣ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለው፣ የብዙ ኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አንገዛም? ጠላቶቹ ብዙ ናቸው። ውስጡ ብረት ስለሆነ በጣም ይዝጋል። ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ከዝገት የሚከላከለው የኒኬል ቅብ ነው። ቅቡ ከተላጠ እርጥበት ይገባና ማግኔቱ እየተፈረፈረ ያልቃል። ሙቀትም አይችልም። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ከጉልበቱ ከፊሉን ያጣል፣ ቢቀዘቅዝም አይመለስለትም። ይህ ቁጥር ሩቅ አይደለም። የመኪና ሞተር ክፍል ያልፈዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድም ሊቀርበው ይችላል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ደረጃው ማግኔቱ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። «ኤን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 35፣ 42 ወይም 52፣ ጉልበቱን ይነግራችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደል ግን ስለ ሙቀት ነው የሚናገረው። ፊደል ከሌለው 80 ዲግሪ ነው። «ኤም» ካለ 100፣ «ኤች» ካለ 120፣ «ኤስኤች» ካለ 150 ዲግሪ። ሙቀት ላለበት ቦታ ከተራው 52 ይልቅ 35 ሆኖ «ኤስኤች» ያለውን እመርጣለሁ። በወረቀት ደካማ ይመስላል። ቦታው ላይ ግን እሱ ይሰነብታል።

ፍርዴን ልናገር። ቦታ ካላችሁ፣ ማለትም ማግኔቱ ትልቅ ቢሆን ችግር ከሌለው፣ ፌራይት ግዙ። ደጅ የሚውል፣ ዝናብ የሚያገኘው፣ ሙቀት ያለበት ሥራ የፌራይት ነው። ቦታው ጠባብ ሲሆን፣ ክብደት ሲያሳስብ፣ ወይም ማግኔቱ ከርቀት መሳብ ሲኖርበት ወደ ኒዮዲሚየም ሂዱ።

ጥቁሩን በነፃ ወይም በርካሽ ማግኘትም ይቻላል። ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የተቃጠለ ስፒከር ብትገዙ ጀርባው ላይ ጥሩ ፌራይት ታገኛላችሁ። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈ ኒዮዲሚየም ይወጣል። ማይክሮዌቭ ውስጥም ሁለት የፌራይት ቀለበቶች አሉ። እሱን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አልኒኮ፣ ሳማሪየም ኮባልትና የጎማ ማግኔት

አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ከብረት ጋር ነው። መነሻው ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው ቅይጥ ነው። ትምህርት ቤት የምናውቀው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ማግኔት ብዙ ጊዜ አልኒኮ ነው። ጉልበት አለው፤ ወደ 1.2 ቴስላ ይደርሳል። ሙቀትም እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ጽናት ግን የለውም። ከጠንካራ ማግኔት ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጡት ይደክማል። ለብቻው ያለ ብረት ቢቀመጥ እንኳን የራሱ መስክ ሰልፉን ያናጋዋል። ስለዚህ ለቤተ ሙከራ አልኒኮ የምትገዙ መምህራን፣ ከማግኔቱ ጋር የሚመጣውን ትንሽ ብረት አትጣሉት። ከሥራ በኋላ ሁለቱን ዋልታዎች በእሱ አገናኙ። ቀጥ ያሉት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ የአንዱን ሰሜን ከሌላው ደቡብ ጋር አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙ ትምህርት ቤት ማግኔቶቹ «ያረጁት» በዕድሜ ሳይሆን በአቀማመጥ ነው።

ሳማሪየም ኮባልት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጣ ነው። ጉልበቱ ከኒዮዲሚየም ትንሽ ያንሳል፣ ነገር ግን 300 ዲግሪ አካባቢም ይሠራል፣ ዝገትም ብዙ አያስቸግረውም። ውድ ነው፣ በቀላሉም ይሰበራል። ለቤት ሥራ አያስፈልጋችሁም።

የጎማ ማግኔት የሚባለው የፌራይት ዱቄት ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የፍሪጅ በር ዙሪያ ያለው ጎማ ውስጥ ያለው እሱ ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል። ለማስታወቂያ ጽሑፍና ለትንኝ መከላከያ መረብ ጥሩ ነው። ክብደት ያለው ነገር ግን አታሸክሙት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው

ከላይ ያሉት በሙሉ ሁልጊዜ በርተው የሚኖሩ ናቸው። ማብራትና ማጥፋት ከፈለጋችሁ ኤሌክትሮማግኔት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጅን ሽቦውን በብረት ላይ ጠቅልሎ ክብደት አነሣበት። መርሁ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጉልበቱ የሚወሰነው በሽቦው ውስጥ በሚያልፈው አምፔርና በጥቅልሉ ዙር ብዛት ነው። አምፔሩን እጥፍ ማድረግ ወይም ዙሩን እጥፍ ማድረግ ለመስኩ አንድ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ብረት ግን ወሰን አለው። ወደ 2 ቴስላ ሲጠጋ ይጠግባል፣ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ የሚጨምረው በአብዛኛው ሙቀት ነው።

እዚህ መሐል የምትገባው ብረት ለስላሳ፣ ጽናት የሌላት መሆን አለባት። ማብሪያው ሲጠፋ ሰልፉ እንዲፈርስ ነው የምንፈልገው። ለቋሚ ማግኔት ጉድለት የሆነው ነገር ለኤሌክትሮማግኔት ዋና ጥቅም ነው።

ልጆች ሊሠሩት ከፈለጉ ትልቅ ሚስማር፣ ቀለም የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦና አንድ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይበቃል። የሽቦውን ሁለት ጫፍ ቀለም መፋቅ አይረሳ። ሽቦው ቶሎ ስለሚሞቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያገናኙት። የስልክ ባትሪ አይጠቀሙ፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

አዋቂዎች ይህ ምርጫ የሚገጥማቸው የበር ቁልፍ ሲያስገጥሙ ነው። በማግኔት የሚያዝ የቢሮ በር አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወይም በ24 ቮልት ይሠራል። 280 ኪሎ ይይዛል ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን በሩ ይለቃል። ይህ ለእሳት አደጋ መልካም ነው፣ ሰው አይታገትም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለዕቃ መጋዘን ግን አይሆንም። ለመጋዘን ወይ መጠባበቂያ ባትሪ ይጨመርበት፣ ወይ መብራት ሲጠፋ ተዘግቶ የሚቆይ ሜካኒካል ቁልፍ ይመረጥ።

«6 ኪሎ ይይዛል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኒዮዲሚየም ወደ 6 ኪሎ ይይዛል ተብሎ ይሸጣል። ውሸት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው ግን ወፍራምና ንጹሕ ብረት ላይ አጣብቀው ቀጥ ብለው ሲነቅሉት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ይህ ሁኔታ የለም።

መጀመሪያ፣ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ወደ ታች ይንሸራተታል እንጂ አይነቀልም። ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። 6 ኪሎ የተባለው 1 ኪሎ ከትንሽ ሆነ ማለት ነው። ቀጭን ጎማ ከሥሩ ብታደርጉ መንሸራተቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ላሜራ በር ቀጭን ነው። ቀጭን ብረት ቶሎ ይጠግብና የማግኔቱን መስክ በሙሉ መሸከም አይችልም። ሦስተኛ፣ ክፍተት። ቀለም፣ ወረቀት፣ ዝገት፣ አየር ሁሉም ክፍተት ነው። ትንሽ ማግኔት በ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ብዙ ጉልበት ያጣል። ከመጠናቸው አንጻር ሲታይ ተራርቀው ባሉ ሁለት ማግኔቶች መካከል ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚሳሳቡበት ኃይል ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

ስለዚህ ሰፊውን ሕዳግ ይዛችሁ ግዙ። ላሜራ በር ላይ ለሚንጠለጠል 1 ኪሎ ዕቃ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ የተባለውን ውሰዱ።

የማግኔቱ ቤትም ልዩነት ያመጣል። አንዳንድ ማግኔት በብረት ኩባያ ውስጥ ተቀምጦ ይሸጣል። ኩባያው መስኩን ሰብስቦ ወደ አንድ ፊት ያመጣዋል። ስለዚህ ከብረት ጋር ሲነካካ እጅግ ይጠነክራል፣ ከርቀት ግን አይስብም። ለመያዝና ለመስቀል ኩባያ ያለውን፣ ከርቀት ለመሳብ ወፍራምና ባዶውን ምረጡ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልዲ ወይም መክፈቻ ለማውጣት ቀለበት የተበየደበት ባለ ኩባያ ኒዮዲሚየም ጥሩ ነው፤ ዕቃው ብረት እስከሆነ ድረስ። ከውኃ ሲወጣ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት።

ለጥቂት የተለመዱ ሥራዎች

ጋራዥ ውስጥ ብሎንና ካቻቪቴ ለመያዝ የስፒከር ፌራይት በቂ ነው። ግቢ ውስጥ የተበተነ ሚስማር ለመልቀም፣ ብዙ ፌራይት በአንድ ጣውላ ሥር ደርድራችሁ መጎተት ከአንድ ውድ ኒዮዲሚየም ይሻላል። ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ድንጋይ ቢመታውም አንዱን ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ሲሞላ ፌስታሉን ከማግኔቱ ስታወልቁት የብረት ብናኙ በሙሉ ይወርዳል።

ለኢንዳክሽን ምድጃ ድስት ስትገዙ ማንኛውንም ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የድስቱን ቂጥ አጥብቆ ከያዘ ይሠራል። ካልያዘ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

ወርቅ በማግኔት ስለ መፈተን ብዙ ይወራል። ማግኔቱ ከሳበው ውስጡ ብረት ወይም ኒኬል አለ፣ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጣችሁም። መዳብም፣ ነሐስም፣ እርሳስም አይሳቡም። ወርቅ አስመስለው የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ከእነዚህ ነው። ወደሚመዝንና ወደሚፈትን ባለሙያ ሂዱ።

ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ለአገር ቤት ዘመድ ኮምፓስ የምትልኩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሰሜን አውሮፓ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት በጣም ዘቅዝቆ ስለሚገባ፣ እዚያ የሚሸጥ ኮምፓስ መርፌው እንዳያዘነብል ደቡብ ጫፉ ላይ ክብደት ይጨመርበታል። ኢትዮጵያ ግን በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ላይ መስኩ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ይህን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ማዕከል ሲለካው ኖሯል። እናም የአውሮፓው መርፌ እዚህ ደቡብ ጫፉ ወርዶ ሽፋኑን ሊነካ፣ ሊቆምም ይችላል። በየትኛውም የዓለም ክፍል እንዲሠራ የተባለውን ዓይነት ግዙ።

በማግኔት አምባር ሕመም ይድናል፣ የነዳጅ ቱቦ ላይ ማግኔት ሲታሰር ቤንዚን ይቆጥባል ለሚሉት ግን ገንዘብ አታውጡ። ለሁለቱም የሚታመን ማስረጃ የለም።

ልጅ ያለበት ቤት

ይህንን ከሌላው ሁሉ በላይ አደራ እላለሁ። ትንንሽ የኒዮዲሚየም ኳሶችና ከረሜላ የሚያካክሉ ክቦች ሕፃናት ባሉበት ቤት አይግቡ። ልጅ አንድ ቢውጥ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ከዋጠ ግን በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ሥጋውን መሐላቸው ይጨብጡታል፣ አንጀቱም ይበሳል። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ተራ የሆድ ሕመም ይመስላል። ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱትና ማግኔት መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ። ለልጆች መማሪያ ትልልቁን ፌራይት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ምረጡ።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ካለ ጠንካራ ማግኔት ከደረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከኋላው ማግኔት ያለው ስልክም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ደረት ኪስ ውስጥ አይቀመጥ። ትልልቅ ኒዮዲሚየሞች ሲጋጩ ጣት ይጨፈልቃሉ፣ ስባሪያቸውም ዓይን ውስጥ ይገባል። በጎን አንሸራታችሁ ለዩዋቸው እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አትንቀሉ። በመሰርሰሪያም አትብሷቸው፣ ብናኙ እሳት ይይዛል።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ማግኔት ተሰጥቷችሁ የትኛው እንደሚሻል ካልለያችሁ፣ አንድ ብሎንና ጥቂት የካርቶን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። በማግኔቱና በብሎኑ መካከል ካርቶን እየጨመራችሁ ብሎኑ የሚወድቅበትን ቁጥር ያዙ። ሁለቱንም በአንድ ብሎን ፈትኑ። ከዚያ ቅቡ ጠርዙ ላይ ያልተላጠ መሆኑን አይታችሁ፣ የሙቀት ፊደሉን ጠይቃችሁ ክፈሉ። ወደ ቤት ስትመለሱ የባንክ ካርዳችሁን ሌላ ኪስ ውስጥ አድርጉት።